የሰው ወርቅ

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ስለ ምግባር በሚናገር መጽሐፍ ውስጥ የኳስ ጨዋታ ታሪክ ስታገኝ ትገረም ይሆናል። እኔ ግን ስለ ውለታና ስለ ውለታ ተቀባይ ጥቂት ነገር የተማርሁት፥ በስኮትላንድ አገር በሁለተኛው ደረጃ ሊግ በአንድ ዓመት ከተደረገው ውድድር ስለ ሆነ፥ ነገሩን እንዳየሁት ልጽፍልህ ወደድሁ። የራሴም ጥፋት አብሮ ስለሚነገር በደስታ ብቻ የምጽፈው አይደለም።

ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር 2006 ነበር፤ ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በዚያ ዓመት በመስከረም ወር ዳንዲ በምትባል ከተማ ለመማር ሄጄ፥ ኪራይ ይቀንስልኛል ብዬ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል በምትርቀው በፐርዝ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። የትምህርቱንም የክፍሉንም ዋጋ የሚከፍሉልኝ፥ በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ከተማ ታክሲ የሚነዱ የእናቴ ወንድም ነበሩ። እናቴ ስትሸኘኝ «የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ ቶሎ በራስህ ቁም» ብላኝ ነበር። እኔ ይህን ነገር የድሮ ሰዎች ተረት አድርጌ ቈጠርሁት። ወርቁ በየወሩ መባቻ ይመጣል፤ እኔም በእውነት ደምቄ ነበር። ጥሩ ካፖርትና ጥሩ ጫማ ነበረኝ፤ ከትምህርት ጓደኞቼ ብዙዎቹ ማታ ማታ በየምግብ ቤቱ ሲሠሩ፥ እኔ አንድ ቀን እንኳ እጄን በሥራ አላረጠብሁም።

አከራዬ በባቡር ሥራ ኖረው ጡረታ የወጡ፥ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ቢሰሙ አይወዱትም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጥቂት ቃል ብቻ ይናገራሉ፤ ቅዳሜ ግን ሰማያዊ የአንገት ልብሳቸውን ጠምጥመው ወደ ኳስ ሜዳ ይሄዳሉ። ቡድናቸው ሴንት ጆንስተን ይባላል። ፐርዝ በጥንት ዘመን የቅዱስ ዮሐንስ ከተማ ትባል ስለ ነበር፥ በ1884 የተቋቋመው ክለብ ስሙን ከዚያ ወሰደ። እኔም ይህ ዮሐንስ የእኛው መጥምቁ ዮሐንስ መሆኑን በሰማሁ ጊዜ እንደ አገሬ ሰው ቈጠርሁት፤ ነገር ግን ልቤን ለሌላ ቡድን ሰጠሁ።

ያ ሊግ ሁለተኛው ደረጃ ሲሆን በጊዜው «አንደኛ ዲቪዚዮን» ይባል ነበር። የቆመበትን ደረጃ ከፍ አድርጎ መጥራት የሚወድ ሰው በእኛ አገር ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ዐሥር ክለቦች ነበሩበት፤ እያንዳንዱ ከሌላው ጋር አራት ጊዜ ስለሚገናኝ በዓመት 36 ጨዋታ ይሆናል። ከዐሥሩ ወደ ላይ የሚወጣው አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛ የወጣው ከአንደኛው በአንድ ነጥብ ቢያንስም፥ የሚቀረው እንደ ስምንተኛው ባለበት ቦታ ነው። ስለዚህ በዚያ ሊግ ውስጥ ብዙ ዓመት ጥሩ ሆኖ መኖርና ምንም አለማግኘት ይቻላል። ሴንት ጆንስተን ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ከላይኛው ሊግ ከወረደ ዓመታት አልፈዋል።

እኔ የወደድሁት ቡድን ግሬትና ነው። ግሬትና በስኮትላንድና በእንግሊዝ ወሰን ላይ ያለች፥ ሦስት ሺህ ሕዝብ የማይሞላባት ትንሽ ቦታ ናት። ከጎንዋ ያለችው ግሬትና ግሪን በዓለም የታወቀችው በጋብቻ ነው፤ የእንግሊዝ ሕግ ያለ ወላጅ ፈቃድ ማግባት በከለከለ ጊዜ፥ ወጣቶች ወሰኑን ተሻግረው እየሸሹ በቀጥቃጭ ቤት በመስፍ ፊት ይጋቡ ነበር። ኳስ ክለቡ በ1946 ተመሥርቶ ብዙ ዘመን የተጫወተው በእንግሊዝ ታናናሽ ሊጎች ውስጥ ነው። በ2002 ኤርድሪዮንያንስ የሚባለው የስኮትላንድ ክለብ በዕዳ ፈርሶ ቦታው ባዶ ሲሆን፥ ግሬትና ጠይቆ ወደ ስኮትላንድ ሊግ ገባ። ይህን አስተውል፤ የገባበት በር ሌላው በዕዳ ወድቆ የወጣበት በር ነበር። በዚያ ጊዜ ይህን ያስተዋለ ሰው ብዙ አይመስለኝም፤ እኔም አላስተዋልሁም።

ሚስተር ብሩክስ ማይልሰን የሚባሉ እንግሊዛዊ ባለጸጋ ክለቡን ወደዱና ሀብታቸውን አፈሰሱበት። እኚህ ሰው በልጅነታቸው ወድቀው አከርካሪያቸው ተሰብሮ፥ መራመድ እንኳ ያጠራጥራቸዋል ተብለው ሳለ፥ ኋላ አገር አቋራጭ ሯጭ ለመሆን የበቁ ናቸው። ለሌሎች ትናንሽ ክለቦች ደጋፊዎችም ገንዘብ ይሰጡ ነበር፤ በቤታቸውም ብዙ የተጣሉ እንስሳት ያሳድጉ ነበር። እንግዲህ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታሪኩ በክፉ ባለጸጋ ላይ የሚፈርድ እንዳይመስልህ ነው።

በእርሳቸው ገንዘብ ግሬትና እንደ ክረምት ወንዝ ሞላ። በ2005 የአራተኛውን ደረጃ ሊግ በ98 ነጥብና በ130 ጎል አሸነፈ። በ2006 የሦስተኛውን ደረጃ አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት ለስኮትላንድ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ ከታላቁ ከሃርትስ ጋር አንድ ለአንድ ከተለያየ በኋላ የተሸነፈው በፍጹም ቅጣት ምት ነው። ከዚያም ያቺ ትንሽ መንደር በአውሮፓ ውድድር ላይ ቡድን አሰለፈች። እኔ ስኮትላንድ የደረስሁት ይህ ወሬ ገና ትኩስ ሳለ ነበር። ከምንም ተነሥቶ በአንድ ጊዜ ከፍ ያለን ነገር የማይወድ ወጣት የት አለ?

በማታ ሻይ ስንጠጣ ከሽማግሌው ጋር እከራከር ነበር። «የእርስዎ ቡድን ከመቶ ዓመት በላይ ኖሮ የሚጠብቀው ምንድን ነው? ግሬትና በአራት ዓመት ምን እንዳደረገ አይተዋል?» እላቸዋለሁ። እርሳቸውም አንድ ቀን እንዲህ ብለው መለሱልኝ፦ «እኛም ስጦታ ተቀብለናል። የምንጫወትበትን መሬት የሰጠን አንድ ገበሬ ነው፤ ሜዳው በስሙ ይጠራል። ሰውየው ቢኖርም ባይኖርም መሬቱ መሬት ነው።» ነገሩ እውነት ነው፤ በ1989 የተከፈተው ማክዲያርሚድ ፓርክ የሚባለው ሜዳ በብሩስ ማክዲያርሚድ ስም የተሰየመ ነው፤ መሬቱን የሰጡት እኚህ ገበሬ ናቸው። እኔ ግን ሽማግሌው ቀንተው የተናገሩት መስሎኝ ሣቅሁ።

ግሬትና ብዙ ጊዜ መሪ ሆኖ ቆየ፤ ብዙ ነጥብ ርቆም ነበር። ሴንት ጆንስተን ግን ቀስ እያለ ይከተል ነበር። በኅዳር ወር ላይ በሊግ ዋንጫ ሬንጀርስን በገዛ ሜዳው ሁለት ለባዶ አሸንፎ አገሩን ሁሉ አስደነቀ። ከአጥቂዎቹ አንዱ ጄሰን ስኮትላንድ ይባላል፤ ስሙ ስኮትላንድ ይሁን እንጂ የትሪኒዳድ ሰው ነው፤ ሽማግሌው ይህን ነገር ለሰው ሁሉ ሲናገሩ አይሰለቻቸውም ነበር። በመጋቢት ወር የግሬትና አሠልጣኝ ሮዋን አሌክሳንደር በሕመም ዕረፍት ወጥቶ ዴቪ አይረንስ ተተካ። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ እየጠበበ ሄዶ፥ የመጨረሻው ቀን በደረሰ ጊዜ ግሬትና 63፥ ሴንት ጆንስተን 62 ነጥብ ነበራቸው።

ያ ቀን ሚያዝያ 28 ቀን 2007 ቅዳሜ ነበር፤ እነርሱ ኤፕሪል በሚሉት ወር ማለቴ ነው። ሴንት ጆንስተን ወደ ሃሚልተን ሄደ። ግሬትና ከአገሩ ደቡብ ጫፍ ተነሥቶ በሰሜን ወዳለችው ወደ ዲንግዎል፥ ከሮስ ካውንቲ ጋር ሊጫወት ሄደ፤ ሮስ ካውንቲም ላለመውረድ የሚታገል ስለ ነበር ጨዋታው ቀላል አልነበረም። ሽማግሌው ጉልበታቸውን አሟቸው ስለ ነበር እቤት ቀርተው፥ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ራዲዮ ከፍተን ተቀመጥን። ተናጋሪው ከሃሚልተን ወደ ዲንግዎል፥ ከዲንግዎል ወደ ሃሚልተን ይመላለስ ነበር። በመጨረሻ ሴንት ጆንስተን እያሸነፈ፥ በዲንግዎል ደግሞ ሁለት ለሁለት ሆነ። እንዲህ ቢያልቅ 65 ለ64 ነው፤ ዋንጫው ለፐርዝ ነው። ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ዐይናቸውን ጨፍነው ነበር። መደበኛው ሰዓት አልፎ በተጨመረው ደቂቃ፥ ጄምስ ግሬዲ የሚባል አጭር፥ ለተጫዋች ዕድሜው የገፋ ሰው ለግሬትና ሦስተኛውን ጎል አገባ።

እኔ ምን አደረግሁ? ከወንበሬ ዘልዬ ተነሥቼ ጮኽሁ። በሰው ቤት፥ በሰው ኀዘን ፊት፥ ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ ጮኽሁ። ሽማግሌው ምንም አላሉም። ራዲዮውን ዘጉ፤ ሁለት ስኒ አጠቡና ሻይ ቀድተው አንዱን ለእኔ ሰጡኝ። ያን ሻይ እንዴት አድርጌ እንደ ጠጣሁት ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል፤ በደስታ ነበር የጠጣሁት።

ግሬትና 66፥ ሴንት ጆንስተን 65። ሮስ ካውንቲ ወረደ።

ወደ ላይኛው ሊግ የወጣ ክለብ ስድስት ሺህ መቀመጫ ያለው ሜዳ ሊኖረው ይገባ ነበር። የግሬትና ሜዳ ሬይዴል ፓርክ ትንሽ ስለ ሆነ፥ ቡድኑ የማዘርዌልን ሜዳ ፈር ፓርክን ተከራየ፤ ከመንደሩ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ስለዚህ መንደሪቱ ያን ሁሉ ተመኝታ ባገኘችው ጊዜ በዓይንዋ ለማየት ሩቅ መንገድ መሄድ ነበረባት። ብዙዎቹም አልሄዱም። ቡድኑ ይሸነፍ ጀመር። በ2008 መጀመሪያ ላይ ሚስተር ማይልሰን በብርቱ ታመሙ፤ ገንዘቡም ቆመ። የተጫዋቾቹ ደመወዝ ቀረ፤ በመጋቢት ወር ክለቡ በዕዳ አስተዳዳሪዎች እጅ ገባ፤ ለቅጣትም 10 ነጥብ ተቀነሰበት። እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንዲጫወት ያደረገው የሊጉ ማኅበር የሰጠው ርዳታ ነው።

በዚያው ሰሞን የእኔም ወርቅ ቆመ። የየካቲት ወር መባቻ አለፈ፤ ሳምንትም አለፈ፤ ገንዘቡ አልመጣም። ለአጎቴ ስልክ ደወልሁ። ድምፃቸው ደክሞ ነበር፤ መድከሙንም ሰምቻለሁ፤ አልሰማሁም ብዬ አልዋሽም። የመጀመሪያ ቃሌ ግን «ጋሼ፥ የዚህ ወር ገንዘብ እኮ አልደረሰኝም» የሚል ነበር። ጥቂት ዝም አሉና «ይቅርታ፥ ልጄ። ሆስፒታል ገብቼ ነው። ከሰው ተበድሬም ቢሆን በዚህ ሳምንት አስልክልሃለሁ» አሉኝ። እርሳቸው ታመው ተኝተው፥ ይቅርታ የጠየቁት እርሳቸው ናቸው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ምን እንዳመማቸው እንኳ እንዳልጠየቅሁ ትዝ አለኝ። መልሼ ለመደወል ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ሦስቱንም ቀን የያዘኝ ዕፍረት ነው። ዕፍረትም ቢሆን ራስን መውደድ ነው፤ አጎቴን አልጠቀማቸውም። በሦስተኛው ቀን ደውዬ፥ አንድ ወገናቸው እንደ ደነዘዘና መኪና መንዳት እንደማይችሉ ሰማሁ።

ለአከራዬ የኪራዩን ነገር በነገርኋቸው ጊዜ «ስትችል ትከፍላለህ» አሉኝ፤ በማግሥቱም ወደ አንድ ሆቴል ወስደው ለሚያውቁት ሰው አሳዩኝ። በወጥ ቤቱ ሰሐን አጣቢ ሆንሁ። እዚያ ያሳለፍሁትን ማስረዘም አያስፈልግም፤ ሙቅ ውሃና ሳሙና እንዴት እጅ እንደሚልጥ የሠራ ያውቀዋል። ትምህርቴም በአንድ ዓመት ዘገየ።

ከመጀመሪያው ደመወዜ ላይ ጥቂት ቀንሼ፥ ግሬትና ሲጫወት ለማየት ፈለግሁ። ምክንያቱን ለራሴም አልገለጽሁትም ነበር። ሽማግሌው «ብቻህን አትሄድም» ብለው ተነሡ። ኤፕሪል 5 ቀን 2008 በባቡር ግላስጎው፥ ከዚያም ማዘርዌል ደረስን፤ ግሬትና ከኢንቨርነስ ጋር ነበር የሚጫወተው። ፈር ፓርክ ከ13 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ ሜዳ ነው። በዚያ ቀን የገባው ሰው ተቈጥሮ 431 ሆነ። በዚያ ሊግ ታሪክ ከዚያ ያነሰ ተመልካች ያለበት ጨዋታ አልነበረም። ከ431ዱ ሁለቱ አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪና አንድ የሴንት ጆንስተን ደጋፊ መሆናቸውን ግን ማንም አልጻፈም።

ስለ ጨዋታው ብዙ የምነግርህ የለኝም። የማልረሳው ድምፁን ነው። ሰው በሞላበት ሜዳ የማይሰማ ነገር ሁሉ ይሰማ ነበር፤ ኳሱ ጫማ ላይ ሲያርፍ፥ በረኛው ተከላካዮቹን በስማቸው ሲጠራ፥ ባዶው መቀመጫ የሰውን ጩኸት ሲመልስ። ተጫዋቾቹ ግን ይሮጡ ነበር። ደመወዛቸው የቀረባቸው፥ ቡድናቸው መውረዱ የተቈረጠለት፥ በማግሥቱ የት እንደሚሠሩ የማያውቁ ሰዎች በርትተው ይሮጡ ነበር። ሲያልቅ ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ተነሥተው አጨበጨቡላቸው፤ ከአንድ ዓመት በፊት ዋንጫቸውን በመጨረሻው ደቂቃ ለነጠቃቸው ቡድን።

ስንመለስ በባቡሩ ውስጥ ጋዜጣ ገልጠው እያነበቡ ሳሉ «ሰውየው ታሟል። እዚህ የተጻፈው ሁሉ ስለ ገንዘቡ ነው፤ ምን እንዳመመው የጠየቀ የለም» አሉ። ይህን ሲናገሩ ስለ አጎቴ አላሰቡም፤ የስልኩን ነገር አልነገርኋቸውም ነበርና። እኔ ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ።

ተጫዋቾቹ ደመወዛቸውን መጠየቃቸው ነውር አልነበረም፤ የሚያሳድጉት ልጅ ያላቸው ሠራተኞች ናቸውና። የእኔ ነገር ከእነርሱ ጋር አይመሳሰልም። እኔ የሠራሁት ሥራ አልነበረም፤ የተቀበልሁት ስጦታ ብቻ ነው። ስጦታው ሲመጣ እጁን አየሁ እንጂ ሰውየውን አላየሁም። የእናቴንም ተረት ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አስቤበታለሁ፤ ሙሉ በሙሉ እውነት ሆኖ አላገኘሁትም። የሰው ወርቅ ያደምቃል። የግሬትና ልጆች ከዓለም ሁሉ ፊት ደምቀዋል፤ ያን ቀን በዲንግዎል የተደሰቱትን ደስታ ማንም አይወስድባቸውም። ያ ገበሬ የሰጠው መሬትም የሰው ወርቅ ነው። ችግሩ ያለው፥ ወርቁ በእጃችን ሳለ ወደ መሬት መለወጥና አለመለወጣችን ላይ ይመስለኛል። በአራቱ ዓመት ግሬትና ጥሩ ተጫዋቾችን ገዛ፤ ለላይኛው ሊግ የሚበቃ ሜዳ ግን አልሠራም። እኔም በሁለት ክረምት ሁለት ካፖርት ገዛሁ።

ግሬትና ዓመቱን በ13 ነጥብ ፈጽሞ ወረደ። በሰኔ ከሊጉ ወጣ፤ በነሐሴ ፈረሰ። ባዶ የቀረው ቦታ ለጎረቤቱ ለአናን ተሰጠ። ሚስተር ማይልሰን በዚያው ዓመት በኅዳር ሞቱ። የመንደሩ ደጋፊዎች ግን ተሰብስበው «ግሬትና 2008» የሚባል አዲስ ክለብ አቋቋሙ፤ ቆይተውም ወደ አሮጌው ሬይዴል ፓርክ ተመለሱ፤ በ2013 የሎውላንድ ሊግ ሲመሠረት ከመጀመሪያዎቹ ክለቦች አንዱ ሆኑ። የሚመለከታቸው ሰው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ሜዳው ከቤታቸው በእግር ይደረሳል።

ሴንት ጆንስተን በ2009 ያን ሊግ አሸንፎ ወጣ። በ2014 በግንቦት ወር፥ ከተመሠረተ ከ130 ዓመት በኋላ፥ ለመጀመሪያ ጊዜ የስኮትላንድን ዋንጫ ወሰደ፤ በ2021 ደግሞ ሁለቱንም ዋንጫዎች በአንድ ዓመት። በ2025 እንደገና ወርዷል፤ ይህን የምጽፈው የታገሠ ሁሉ ለዘለዓለም ከፍ ብሎ ይኖራል ብዬ እንዳልዋሽህ ነው።

በ2014 ዋንጫውን ባገኙ ማግሥት እኔ አዲስ አበባ ነበርሁ። ወደ ፐርዝ ስልክ ደወልሁ። ሽማግሌው ድምፃቸው ከመጮህ የተነሣ ተዘግቶ ነበር። ግላስጎው ድረስ ሄደው በዐይናቸው ማየታቸውን፥ ጉልበታቸው ቢያማቸውም ዘጠና ደቂቃ ቆመው መዋላቸውን ነገሩኝ። እኔም የዚያን ቀን በወጥ ቤታቸው ስለ ጮኽሁት ጩኸት ከሰባት ዓመት በኋላ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሣቁና «ጎሉ እኮ ጥሩ ጎል ነበር» አሉኝ። ከዚያም «አጎትህስ እንዴት ናቸው? እግራቸው ተሻላቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

በዚያው ቀን ጧት ደውዬላቸው ስለ ነበር መልሱን ዐውቅ ነበር።